በጆሮ የሚጨመቅ ዘይት

አያ እንድሪስ በኮምቦልቻ ከተማ በእውነተኛነታቸው የታወቁ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ሲዋሽ አያምርበትም። በ1979 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ አንድ ሰኞ ማለዳ፣ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ጣይባ «ደሴ ወጥቼ የኑግ ገበያ አይቼ ልመለስ» አሏቸው። ደሴ ከደረሱ በኋላ ግን ገበያውን ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። ወደ ቦሩ ሜዳ በሚሄደው መኪና ተሳፈሩና በቀጥታ ሆስፒታል ገቡ።

ሐኪሙ ጆሯቸውን በመብራት ደጋግሞ አየ። ከዚያም በግራ በኩል ተጠግቶ ጮክ ብሎ፣ «አባቴ፣ ቀኙ ከእንግዲህ አይሰማም። ግራውም እየደከመ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከሚጮህ ማሽን ሥር ኖረዋል። የቀረችዎትን ማትረፍ ከፈለጉ ከማሽኑ ይራቁ» አላቸው።

ከማሽኑ ይራቁ! ለሌላ ሰው ቀላል ምክር ነው። አያ እንድሪስ ግን የኮምቦልቻው የዘይት መጭመቂያ ዋና ባለሙያ ናቸው፤ ሙያቸውም ያለው ጆሯቸው ላይ ነው። ኑጉ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ሲደቅ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምተው፣ «ላላ» ወይም «ጠበቀ» ብለው ብሎኑን ያዞሩታል። ያቺ ሩብ ዙር ናት ዘይቱን ከኑጉ የምትለየው። ካልተለየ ዘይቱ ለከብት ከሚሸጠው ፋጉሎ ጋር ተጣብቆ ይወጣል። ሁለት ወር ሆነው፣ ፋጉሎው የገዢዎቹን እጅ እየቀባ ነው። ከአንድ ኩንታል ኑግ ሃያ ዘጠኝ ኪሎ ዘይት ይወጣ የነበረው ወደ ሃያ አንድ ወረደ። በየቀበሌው ሱቅ ሴቶች ባዶ ጠርሙስ ይዘው ተሰልፈው ይመለሳሉ። ሁሉም «ማሽኑ አርጅቷል» ይላል። አያ እንድሪስም «አዎ፣ አርጅቷል» ይላሉ። እውነቱን የሚያውቁት እሳቸውና አላህ ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ደግሞ ሐኪሙ ተጨመረ።

ከሰዓት በኋላ ደሴ መናኸሪያ የኮምቦልቻውን አውቶቡስ ሲሳፈሩ አንድ ወጣት ከበስተቀኛቸው ተቀመጠ። «ጤና ይስጥልኝ አባቴ» አለ። መልስ የለም። ደገመ። አሁንም የለም። የዘመኑ ልጅ እንዲህ ሲሆንበት ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል፤ ይህኛው ግን ሽማግሌውን ትንሽ አስተዋላቸው፣ ብድግ አለና ዞሮ በግራቸው በኩል ተሸጎጠ።

«እንደምን ዋሉ አባቴ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እንደምን ውለሃል ልጄ» አሉ አያ እንድሪስ ደንገጥ ብለው። የቦታ ለውጡ ገብቷቸዋል። በልባቸው «ይህ ልጅ ዐይኑ ክፉ ነው» አሉ።

አውቶቡሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲያጋምስ ፍሬኑ ጋለ። ሾፌሩ መኪናውን ጥግ አስያዘና «ይቀዝቅዝ፣ ውረዱ» አለ። ተሳፋሪው ወርዶ በመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተደረደረ። አያ እንድሪስና ወጣቱም ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ወጣቱ በግራ ነው።

«ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?»

«ነዳጅ ፍለጋ ላይ ነኝ አባቴ። ቀለሙ ወልደ ሚካኤል እባላለሁ፤ የገራዶ ልጅ ነኝ። ባኩ በምትባል የሶቭየት ከተማ ስድስት ዓመት ተማርኩ፤ አሁን ኦጋዴን እሠራለሁ። የነዳጅ ዘይት ከመሬት ሆድ እንዴት እንደሚወጣ ነው የተማርኩት።»

አያ እንድሪስ ከልባቸው ሳቁ። «እንዴ! እኔም እኮ የዘይት ሰው ነኝ። አንተ ከመሬት፣ እኔ ከኑግ!»

«እንግዲያማ የሥራ ባልደረቦች ነና!» አለ ቀለሙ፤ ደስታውን መደበቅ የማይችል ሰው ነበር። ያን ጊዜውኑ ወደ ሽማግሌው ዞሮ በጉልበቱ ተንበረከከ ማለት ይቻላል።

«ቆይ እስቲ» አሉ አያ እንድሪስ፣ «የመሬቱን ዘይት አላህ ነው ያስቀመጠው። ቀዳዳ መቆፈር፣ ከዚያ መቅዳት። ይህ ስድስት ዓመት ሙሉ ምኑ ይጠናል?»

«እኔም ስሄድ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ግን ዘይቱ እንደ ኩሬ ተንጣልሎ አይደለም የተቀመጠው። በድንጋዩ ውስጥ ነው የተጣበቀው፤ ልክ እርስዎ ፋጉሎ ላይ እንደሚያዩት። ጉድጓዱ ሲቆፈር በራሱ ግፊት ወጥቶ የሚመጣው ጥቂቱ ነው። አብዛኛው እዚያው ይቀራል። የድሮዎቹ ኩባንያዎች ይኼኔ 'ነጠፈ' ብለው ዕቃቸውን ጭነው ይሄዱ ነበር።»

«ታዲያ ሌላ ምን ያድርጉ?»

«የዛሬዎቹ ግን መሬቱን ራሱን ይጠይቁታል! በአንዱ ጉድጓድ ውኃ ወደ ታች ይገፋሉ፣ ውኃው ዘይቱን እየነዳ በሌላው ያወጣዋል። ዘይቱ እንደ ሙጫ የወፈረ ከሆነ እንፋሎት ይለቁበታል፤ ሲሞቅ ይቀጥንና ይፈስሳል። ከመቆፈራቸው በፊት ደግሞ መሬቱን በትንሽ ፈንጂ ያንቀጠቅጡታል። ድምፁ ወርዶ ከየድንጋዩ ንጣፍ ሲመለስ በመሣሪያ ተቀብለው የመሬቱን ሆድ በወረቀት ላይ ይሥሉታል።»

«ድንጋይ ይናገራል በለኛ!»

«ይናገራል አባቴ። እኛ ደግሞ እንሰማዋለን። ጆሯችን ላይደርሰው ይችላል፤ መሣሪያው ግን ይደርሰዋል።»

ጆሮ የሚለው ቃል አያ እንድሪስን ኮሰኮሳቸው። ካልሲያቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ቀለሙ ግን ሞቅ ብሎታልና አላቆመም።

«ከሁሉ የገረመኝን ልንገርዎት። ባኩ ውስጥ ሐሰን የሚባሉ ሽማግሌ ቆፋሪ ነበሩ፤ እንደርስዎ እስላም ናቸው። መዳፋቸውን በሚሽከረከረው ቧንቧ ላይ ያሳርፉና 'አሁን አሸዋ ገባን፣ አሁን ጠንካራ ድንጋይ ነው' ይላሉ። አንድም ቀን አይሳሳቱም። ለማንም ግን አይናገሩም። አንድ ክረምት ታመው ሁለት ወር ተኙ። በዚያ ሁለት ወር ሦስት ጉድጓድ ተበላሸ።»

«አየህ!» አሉ አያ እንድሪስ ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው። ሲጠፋ የሚታወቅ!»

«ኩባንያው ግን እንደርስዎ አልተደሰተም። ሲድኑ ሁለት መሐንዲሶች አጠገባቸው አስቀመጠ። 'አሁን ምን ተሰማዎት?' ይሏቸዋል። በዚያው ሰዓት መሣሪያው ምን እንደሚያነብብ ይጽፋሉ። መጀመሪያ ተቆጡ፣ አባረሯቸው። ኋላ ግን ራሳቸው ወደዱት። በአንድ ዓመት ውስጥ የእሳቸው መዳፍ የሚያውቀው ሁሉ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ዛሬ አንዱ ጉድጓድ ላይ የታወቀው ነገ በሌላው ላይ ይሠራል። ኩባንያዎች ምርት የሚጨምሩት በአዲስ ብረት ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚያውቀው ነገር ከሰውየው ጋር መቃብር እንዳይወርድ በማድረግም ነው።»

አያ እንድሪስ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤

«ልጄ፣ አንተን ትምህርት ቤት ነው ያስተማረህ። እኔን ግን ማንም አላስተማረኝም። የድሮው አሠሪዬ ብሎኑን ሊያጠብቅ ሲል 'ውጡ' ይለን ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በበር ስንጥቅ አይቼ፣ በግድግዳ ጀርባ ሰምቼ ነው የሠረቅሁት። በላቤ የሠረቅሁትን በሰፌድ አቅርቤ ለማን ልስጥ? ደግሞስ የሰጠሁ ዕለት 'አርጅተዋል፣ ቤትዎ ይቀመጡ' አይሉኝም? እኔና ጣይባ ምን ልንበላ ነው?»

«እውነትዎን ነው፤ ሐቅ አለዎት» አለ ቀለሙ ረጋ ብሎ። «አሠሪዎ በድሎዎታል። ግን አያ... ስምዎ ማን ነው?»

«እንድሪስ።»

«አያ እንድሪስ፣ እርስዎ ነገ ጠዋት ቢታመሙ ማሽኑን ማን ያስተካክለዋል?»

«ማንም!» አሉ። ሊኮሩበት የተናገሩት ቃል ከአፋቸው ከወጣ በኋላ እንደማያኮራ ታወቃቸው።

ሾፌሩ «ግቡ!» ብሎ ጮኸ። ሲሳፈሩ አያ እንድሪስ ለወጉ ያህል፣ «ኮምቦልቻ ማን ዘንድ ነው የምትወርድ?» ብለው ጠየቁት።

«ታላቅ እህቴ ዘንድ። ወርቅነሽ ትባላለች፤ የዘይት መጭመቂያው ማኅበር ሊቀ መንበር ናት።»

ያ ረቢ! አያ እንድሪስ የቀረውን መንገድ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ጨረሱት። ልጁ ጆሯቸውን አውቋል፤ ማንም እንደማይተካቸውም ከገዛ አፋቸው ሰምቷል። አንዷን ለእህቱ ሹክ ካለ አለቀላቸው።

ማክሰኞ ጠዋት መጭመቂያው ቤት ሲደርሱ ወርቅነሽ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። አጠገቧ ወንድሟ አለ። አያ እንድሪስ እርምጃቸውን ቀነሱ።

«አያ እንድሪስ፣ ወንድሜ ነው። ማሽኑን ልየው ይላል። እኔ 'ባለቤቱን ጠይቅ' ብዬዋለሁ።»

«ከፈቀዱልኝ ነው» አለ ቀለሙ ከወገቡ ሸብረክ ብሎ። ስለ አውቶቡሱ ምንም አላነሣም። አያ እንድሪስ ፊቱን መረመሩት፤ ምሥጢራቸው እዚያው እንዳለ ገባቸውና «እይ፣ ማየት አይከለከል» አሉት።

ወርቅነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሐሙስ የሚቆጣጠረን ኮሚቴ ከደሴ ይመጣል» አለች። ዝቅ ስላደረገችው አያ እንድሪስ ከከንፈሯ ነው ያነበቡት። «ማሽኑ ተነቅሎ ቤቱ ይዘጋ የሚል ሐሳብ ይዘዋል። ሠላሳ አንድ ሠራተኛ የት ይግባ?»

እንግዲህ በዚያ ቤት አንድ ልማድ ነበር። ብሎኑ የሚስተካከልበት ሰዓት ሲደርስ ሠራተኛው ሁሉ ሳይነገረው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አያ እንድሪስ ጋቢያቸውን ከራሳቸው እስከ ብሎኑ ይጥሉበታል። የድሮ ፎቶ አንሺ ከጥቁር ጨርቁ ሥር ሲገባ ነው የሚመስሉት። ጋቢው ሥር ሆነው ይሰማሉ፣ ያዞራሉ፣ ይወጣሉ። እንግዳ ሰው አይቶ ይስቃል፤ የቤቱ ሰው ግን ለምዶታል። ሁለት ወር ሙሉ ጋቢው ሥር ምንም እንደማይሰማ፣ በግምት ብቻ እንደሚዞር ግን የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያም ጠዋት እንደ ልማዱ ሆነ። ቀለሙም ለአክብሮት ፊቱን አዞረ። ሲያዞር ግን ዐይኑ ከማብሪያው ሰሌዳ ላይ አረፈ። እዚያ ላይ የሻይ ሳሕን የምታህል ክብ መስተዋት አለች፤ ዘይትና አቧራ ለሃያ ዓመት ተጋግሮባት ጠቁራለች። መሐረቡን አውጥቶ ወለወላት። ከውስጧ ቁጥርና አንዲት ቀጭን ቀስት ብቅ አለች፤ ቀስቷም ሕይወት እንዳለው ነገር ትርገበገባለች።

አያ እንድሪስ ከጋቢያቸው ሲወጡ ቀለሙ በግራቸው ቆሞ፣ «ይህ ምንድን ነው አያ እንድሪስ?» አላቸው።

«ጌጥ ነው። ከማሽኑ ጋር ነው የመጣ።»

ሞላ የሚባለው ምክትላቸው፣ አርባ ዓመት የሞላው ቀልደኛ ሰው፣ «እኔስ የቆመ ሰዓት ይመስለኝ ነበር» አለና ሰውን አሣቀ።

«ሞተሩ ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚስብ ነው የሚቆጥር» አለ ቀለሙ። «አያ እንድሪስ፣ በነቢ ይሁንብዎ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ማሽኑ ኑጉን በደንብ ሲጨምቅ ድምፁ እንዴት ነው?»

«ይወፍራል። ያጉረመርማል።»

«ሲላላስ?»

«ይቀጥናል። ይበራል።»

«ሲጨምቅ ይከብደዋል ማለት ነው። ሲከብደው ኤሌክትሪኩን ይበልጥ ይስባል፣ ቀስቷም ትወጣለች። ሲላላ ይቀልለዋል፣ ቀስቷ ትወርዳለች። የሚወፍረውና የሚቀጥነው ድምፅ ማለት ይህች ቀስት ናት!»

አያ እንድሪስ ቀስቷን አዩ። ሃያ ላይ ናት። ምንም ሳይናገሩ ወደ ብሎኑ ተመለሱ። ጋቢውን ማንሣቱን ረሱት፤ የረሱት በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሩብ ዙር አጠበቁ። ቀስቷ ሃያ አራት ገባች። ሌላ ሩብ። ሃያ ስምንት። እግራቸውን ያቆሙበት ሲሚንቶ ከሥራቸው ማጉረምረም ጀመረ። ሌላ ጥቂት፤ ሠላሳ ላይ ቆመች። በማሽኑ ጎን የሚንጠባጠበው ዘይት ክር ሆኖ ወረደ፣ ክሩ ወፈረ። ሞላ ፋጉሎውን አፈስ አድርጎ ጨበጠውና መዳፉን ዘረጋ። መዳፉ ደረቅ ነበር።

«አጃኢብ!» ብለው ጮኹ አያ እንድሪስ። «ድምፁን አየሁት! ወላሂ በዐይኔ አየሁት!»

ሰው ሁሉ በደስታ ተንጫጫ። ወርቅነሽ ከቢሮዋ ሮጣ መጣች። «ምን ተገኘ? ማሽኑ ዳነ?»

በዚች ቅጽበት አያ እንድሪስ «አዎ፣ ዳነ» ቢሉ ነገሩ ሁሉ በሰላም ያልፍ ነበር። ማንም አይጠይቅም። ልጁም አፉን እንደማይከፍት አይተዋል። ግን ፊት ለፊታቸው ያቺ ቀስት አለች። ሁለት ወር ሙሉ ከአቧራው ሥር ሃያ ላይ ተቀምጣ እውነቱን ስትናገር የነበረችው እሷ ናት። ቀስት እውነት ስትናገር እሳቸው ሊዋሹ ነው? አላስቻላቸውም።

«ማሽኑ አላረጀም ልጄ ወርቅነሽ» አሉ። «ያረጀው ጆሮዬ ነው። ቀኙ ጠፍቷል፤ ግራውም እየሄደ ነው። ትናንት ቦሩ ሜዳ ሄጄ አረጋገጥኩ። ሁለት ወር በግምት ነው ያዞርኩት። ዘይቱን ከብት ያበላሁት እኔ ነኝ።»

ማሽኑ ብቻ ሲያጉረመርም ተሰማ። አያ እንድሪስ ግን እሱንም በደንብ አልሰሙትም። ወርቅነሽ ወደ ግራ ጆሯቸው ተጠጋች።

«ለምን አልነገሩን አያ እንድሪስ?»

«ምን ብዬ ልንገር? ጆሮ የሌለው የዘይት ባለሙያ ምን ይረባል?»

«ጆሮዎማ ይረፍ፤ ደክሞታል። ከማረፉ በፊት ግን ሃያ ሁለት ዓመት የሰማውን ሁሉ ይንገረን። ሥራዎ ይህ ነው ከዛሬ ጀምሮ። የምንለቅዎ እንዳይመስልዎ።»

ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። ዘይት ነው የሚል ካለ ይበል፤ እንባ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሁለት ቀናት በዚያ ቤት የዋለ ሰው አይረሳቸውም። ሞላ ከጥቂት ዓመት በፊት በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ሰው ነው፤ አንድ ደብተር ተሰጠውና ጸሐፊ ሆነ። ወርቅነሽ ከአንድ ወርቅ ሠሪ ሚዛን ተውሳ መጣች። ቀለሙ ከሻንጣው ረጅም የሙቀት መለኪያ አወጣ። አያ እንድሪስ ከጆንያው ኑግ ቆንጥረው በፊት ጥርሳቸው ሰበር ያደርጉና፣ «ይህ እርጥብ ነው» ይላሉ። ቀለሙ መቶ ግራም መዝኖ፣ በብረት ላይ በቀስታ አድርቆ፣ እንደገና ይመዝነዋል። ዘጠና አንድ ግራም ሆኖ ይገኛል።

«ዘጠኙ ግራም ውኃ ነው! ዘንድሮ ዝናቡ ስለዘገየ ኑጉ ሳይደርቅ ገባ ማለት ነው። ጥርስዎ ልክ ነው አያ እንድሪስ!»

«ጥርሴማ ገና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ ሳቅ ይሆናል።

«ደህናውስ የትኛው ነው?» ሌላ ቆንጥረው ይነክሳሉ። «ይህ።» ይመዘናል፤ ውኃው ስድስት ነው። ሞላ ይጽፋል።

ሁሌ ግን ልክ የነበረው መሣሪያው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ረቡዕ ከሰዓት ቀለሙ በመጽሐፍ ያነበበውን ይዞ፣ «የኑጉ ማሞቂያ ዘጠና ዲግሪ ይድረስ» አለ። ሰማንያ ሲያልፍ አያ እንድሪስ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉና፣ «አውርድ! ሊያርር ነው!» ብለው ጮኹ። ቀለሙ «ገና ነው» ብሎ ተከራከረ። የወጣው ዘይት ጠቁሮ፣ ሲቀመስ መረረ። ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ይህን ከቦሩ ሜዳ የመጣ ኑግ አያውቀውም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሞላ፣ የአያ እንድሪስን ጻፍ። ጠዋት 'ይበቃል' ያሉት ሰባ አምስት ላይ ነው።»

«አንተ ልጅ» አሉ አያ እንድሪስ ትከሻውን መታ አድርገው፣ «ሐሰን አጠገብ መሐንዲሶቹን ያስቀመጡበት ምክንያት ዛሬ ገባኝ። የሚነግረው የሌለው መሣሪያ ዕውር ነው። እኔም ያለ መሣሪያው ደንቆሮ ነኝ።» ደንቆሮ የሚለውን ቃል ጮክ ብለው ራሳቸው ሲናገሩት ማንም አልደነገጠም፤ እሳቸውም ጭምር።

ማታ ከመውጣታቸው በፊት አያ እንድሪስ፣ ለግድግዳ መፈክር መጻፊያ ከተገዛው ቀይ ቀለም የተረፈውን አመጡና በመስተዋቷ ላይ ሠላሳን አቀለሙት። ማንበብ የማይችል ሠራተኛ እንኳ ቀስቷ ከቀዩ ወርዳ ካየ ጠርቶ እንዲናገር ነው።

ሐሙስ ኮሚቴው መጣ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ፊታቸው ገና ከመኪና ሳይወርዱ የተዘጋ ቤት ይመስላል። አንድ ኩንታል ኑግ በፊታቸው ተመዘነ፣ ገባ። ዘይቱ ሲመዘን ሃያ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ሆነ። «ምን ዓይነት አዲስ ዕቃ ገጠማችሁበት?» አሉ።

ወርቅነሽ ልትመልስ ስትል አያ እንድሪስ ቀደሙ። «ብረቱ ያው ነው» አሉ። «የተጨመረው ዕውቀት ነው። እኔ ብቻዬን ይዤው የኖርኩት ነበር፤ አሁን ሁሉም ይዞታል። ጥቅሙን እናንተው ቁጠሩት። በኩንታል ስምንት ኪሎ ተኩል ዘይት ከከብት አፍ ተመለሰ፤ በየቀበሌው ሱቅ ጠርሙስ ይሞላል። የሚገባው ኑግ እርጥበቱ አስቀድሞ ስለሚለካ ማሽኑ በከንቱ አይደክምም። ብሎኑን ሦስት ሰው ያዞረዋል፤ እኔ ብቀር ሥራ አይቆምም። እኔም ከጩኸቱ ራቅ ብዬ ተቀምጬ፣ የጠየቀኝን አስተምራለሁ። እናንተ ደሴ ያሉትን ጨማቂዎች ላኩልኝ። በሬን አልዘጋባቸውም።»

ኮሚቴው ቤቱ እንዳይዘጋ ወሰነ። የደሴዎቹን እንደሚልክም ቃል ገባ። ቀለሙ ወደ ሥራው ሊመለስ ሲሰናበት አያ እንድሪስ አቅፈውት፣ «አላህ ያኑርህ፤ ያንን የመሬቱን ዘይት አውጣልን!» ብለው መረቁት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይል ነበር፤ ነገር ግን አያ እንድሪስ በእርግጥ መለወጣቸው የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። በጥር ወር ወባ ያዛቸውና አሥር ቀን ተኙ። በአሥረኛው ቀን ሞላና ወርቅነሽ ሊጠይቁ መጡ። ወይዘሮ ጣይባ ወንበር አቀረቡ። በሽተኛው ገና ሳይቀመጡ፣ «ማሽኑስ?» አሉ።

«ደህና ነው» አለ ሞላ። «አንድ ቀን አልቆመም።»

ያለ እሳቸው አንድ ቀን አልቆመም! ልባቸውን አንድ ነገር ሸንቆጥ አደረጋቸው፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አላቸው። ሞላ ግን ደብተሩን እያገላበጠ ይቁነጠነጣል።

«አያ እንድሪስ፣ አይቆጡኝ። እርስዎ ከቃሉ አውራጃ የሚመጣውም ኑግ እንደ ቦሩ ሜዳው ሰባ አምስት ድረስ ይሙቅ ብለው ነበር። የቃሉ ግን ከቆላ የመጣ ስለሆነ ደረቅ ነው። በስልሳ አምስት ሞከርኩት። በኩንታል አንድ ኪሎ ጨመረ።»

አያ እንድሪስ ከትራሳቸው ቀና አሉ፤ ዐይናቸው ፈጠጠ። «ማን ሞክር አለህ? እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የማውቀውን?» ወርቅነሽ ልትገላግል አፏን ስትከፍት እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። «ስንት ጊዜ ነው የሞከርከው?»

«ሰባት ጊዜ። በሰባቱም ያው ነው።»

«ኑጉን መዝነህ ነበር?»

«መዝኜ ነው። ውኃው አምስት ነው።»

«ዘይቱ አልጠቆረም?»

«ከበፊቱም ይበልጥ ይጠራል።»

ሽማግሌው ወደ ትራሳቸው ተመለሱ። ወይዘሮ ጣይባ ከበሩ ሆነው በጭንቀት ያዩዋቸዋል። አያ እንድሪስ፣ «ታዲያ ጻፍከው?» አሉ።

«አልጻፍኩትም። እርስዎ ያሉትን ሰርዤ እንዴት አድርጌ እጽፋለሁ?»

«ወዲህ በለው ደብተሩን።»

ሞላ ገጹን ገልጦ ሰጣቸው። አያ እንድሪስ የአማርኛ ፊደል አያነቡም። «የእኔ የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁት፤ በጣቱ አሳያቸው። እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀበሉ። በገዛ ቃላቸው ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር አሰመሩና ደብተሩን መለሱለት።

«በል አሁን የአንተን ጻፍ» አሉት፤ «ከነስምህ።»